ብረት ከብረት ሲፋተግ፤ ስለ ሽጉጥና ስለ ጥቂት ጠብታ ዘይት

አንድ ዘመዳችን ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ ሽጉጥ አላቸው። ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልለው በሣጥን ውስጥ አኑረው ብዙ ዓመት ሲጠብቁት ኖረዋል። ዝገት እንዳይነካው ሲሉም ባገኙት ቅባት ሁሉ ይለቀልቁት ነበር። አንድ ጊዜ የሞተር ዘይት፤ አንድ ጊዜ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፤ ሌላ ጊዜም፤ ራሳቸው ሳይደብቁ እንደ ነገሩን፤ ከወጥ ቤት የተገኘ የኑግ ዘይት ቀብተውታል። በቅርቡ ሽጉጡን ከሣጥኑ አወጡና ካዝናውን ነቅለው የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ቢስቡት እንቢ አለ። በሁለት እጃቸው ታግለው ከግማሽ መንገድ ካደረሱት በኋላ፤ ጎሬው ባዶ መሆኑን አይተው ለቀቁት። ሞላው ገፍቶ ሊመልሰው ሲገባ ብረቱ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ቀረ።

እኛም አብረናቸው ወደ አንድ ሽማግሌ የመሣሪያ ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው ሽጉጡን ተቀብለው ጥቂት ካገላበጡና ካሸተቱት በኋላ፤ «ይህ ሽጉጥ የታመመው ከረኃብ አይደለም፤ ከጥጋብ ነው» አሉ። እኛ እስከዚያች ቀን ድረስ ለብረት ቅባት ሲበዛለት የሚጠቅመው እንጂ የሚጎዳው አይመስለንም ነበርና ነገሩ አስገረመን። ስለዚህ ሽጉጡ በእጃቸው ሳለ ጉዳዩን ከመጻሕፍትም ከባለሙያውም ስንጠይቅ ሰነበትን። ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አንባቢ ሁለት መዳፉን አጋጥሞ ቢያፋትግ በመጀመሪያ የሚይዝ ነገር፤ ቀጥሎም ሙቀት ይሰማዋል። የያዘው ነገር ፍትጊያ ነው፤ ሙቀቱም ለፍትጊያው የተከፈለው ጉልበት ነው። የትምህርት መጻሕፍት ሰበቃ የሚሉት ይኸው ነው። (በመሥሪያ ቤት ውስጥ በሰውና በሰው መካከል ስለሚደረገው ፍትጊያ ሌላ ቀን እንነጋገር ይሆናል፤ ለእርሱ የሚሆን ዘይት ገና አልተገኘለትም።)

ይህን ነገር በመለኪያ ከመረመሩት ሰዎች ቀደም ብለው የሚጠሩት ስመ ጥሩው ኢጣሊያዊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ናቸው። ከ1500 ጥቂት ዓመታት አስቀድመው በማስታወሻ ደብተራቸው እንደ ጻፉት፤ ፍትጊያ የሚጨምረው በክብደት ልክ ነው እንጂ በሚነካካው ገጽ ስፋት ልክ አይደለም። አንድን ጡብ በሰፊው ጎኑ ቢያስተኙትም በጠባቡ ጎኑ ቢያስተኙትም ለመጎተት የሚጠይቀው ጉልበት አንድ ነው ማለት ነው። ደብተራቸው ግን ሳይታተም ብዙ ዘመን ስለ ቆየ፤ ይህንኑ ሕግ ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን በ1699 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እንደ አዲስ ነገር አድርገው አቀረቡት። አካዳሚውም ፈጥኖ አላመናቸውም። ከእርሳቸው በኋላ የጦር መሐንዲስ የነበሩት ሻርል ኩሎም በ1781 በዚያው አካዳሚ በተሸለሙበት ጥናት ሕጉን አጸኑት፤ ደግሞም የቆመን ነገር ለማስነሣት፤ የተነሣውን ከማስኬድ ይልቅ ብዙ ጉልበት እንደሚያስፈልግ በመለኪያ አሳዩ።

ስፋት ለምን ቁም ነገር አይሆንም የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላም ረጅም ዘመን ሲያከራክር ኖረ። መልሱን አብራርተው ካቀረቡት መካከል ዋነኞቹ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ፊሊፕ ቦደንና ዴቪድ ቴቦር ናቸው። ስለ ፍትጊያና ስለ ማለስለሻ የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ በ1950 ታተመ። እንደ እነርሱ ትምህርት፤ በዓይን ሲያዩት ፍጹም የለሰለሰ የሚመስለው ብረት በማጉያ መነጽር ሲታይ ተራራና ሸለቆ ነው። ሁለት ብረት ሲገናኝም የሚነካካው የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ነው። ቦደን ይህን ሲያስረዱ ስዊትዘርላንድን ገልብጦ በኦስትሪያ ላይ እንደ ማቆም ነው ብለው ነበር። እኛ ደግሞ ለአገራችን ሰው እንዲቀርበው፤ የስሜንን ተራሮች ገልብጦ በላስታ ተራሮች ላይ እንደ መክደን ነው እንላለን። ጫፎቹ ጥቂቶች ሲሆኑ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከሙት እነርሱ ስለ ሆኑ፤ እየተጨፈለቁ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ፍትጊያ የሚባለውም በአብዛኛው ይህን የመሰለውን ጥቃቅን ብየዳ ለመስበር የሚወጣው ጉልበት ነው። ጭነት በጨመረ ቁጥር ጫፎቹ ይበልጥ ይጨፈለቃሉ፤ በእርግጥ የሚነካካውም ቦታ በዚያው ልክ ይሰፋል። ስለዚህ ሒሳብ ውስጥ የሚገባው ለዓይን የሚታየው ስፋት ሳይሆን ጭነቱ ሆነ።

ከዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ይታረማል። ብዙ ሰው ብረቱን እንደ መስተዋት ቢወለውሉት ፍትጊያ ፈጽሞ የሚጠፋ ይመስለዋል። ነገር ግን በስዊድን አገር፤ በኤስኪልስቱና ከተማ በሚገኘው የጠመንጃ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩት ካርል ኤድቫርድ ዮሐንሶን በ1896 የፈለሰፏቸው የመለኪያ ብረቶች የሚያሳዩት ሌላ ነው። እነዚህ ብረቶች ገጻቸው እጅግ ተስተካክሎ የተወለወለ ስለ ሆነ፤ ሁለቱን አጋጥሞ ጥቂት አሸት አድርጎ ቢጫኗቸው ያለ ሙጫ ይጣበቃሉ፤ አንዱን ቢያነሡት ሌላው ተንጠልጥሎ ይነሣል። ተራሮቹ እጅግ ሲስተካከሉ የሚገናኘው ቦታ ይበዛልና ነው። ለሽጉጥም የሚበጀው የመሞረድና የመቦርቦር ጠባሳው የጠፋለት፤ ነገር ግን ዘይት የሚያድርበት ጥቃቅን ሸለቆ ያልጠፋበት ገጽ ነው። ሽማግሌው ጠጋኝ በሥዕለ ተራራ አልነገሩንም እንጂ በጣታቸው ሐዲዱን እየዳሰሱ ያሉን ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ሽጉጡ እንግባ። ለምሳሌ የምንወስደው አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ የፈለሰፉትን፤ የአሜሪካ ጦር በ1911 የተቀበለውንና እስከ 1985 ድረስ ዋና ሽጉጡ አድርጎ የያዘውን የኮልት ሽጉጥ ነው። ከእርሱ በኋላ ከተሠሩት ሽጉጦች ብዙዎቹ የአሠራሩን ሐሳብ ወርሰዋል።

የዚህ ሽጉጥ አረር 15 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአፈሙዙም በሰከንድ 250 ሜትር ያህል እየከነፈ ይወጣል። አረሩ ወደ ፊት ሲሄድ አጸፋው ወደ ኋላ ይመጣል። ይህም አጸፋ ከላይ ያለውን ተንሸራታች ብረትና የአፈሙዙን ቧንቧ እንደ ተቆላለፉ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይነዳቸዋል። ከዚያም ቧንቧው ከበስተኋላው ዝቅ ብሎ ከቁልፉ ይላቀቅና ይቆማል፤ ተንሸራታቹ ግን ብቻውን ጉዞውን ይቀጥላል። በጉዞው ላይ በጥፍሩ ባዶውን ቀለህ ከጎሬው ጎትቶ ያወጣዋል፤ ቀለሁም ተመትቶ ወደ ውጭ ይፈናጠራል። ተንሸራታቹ በዚያው ጉዞው መዶሻውን ወደ ኋላ አስተኝቶ ያቀባብለዋል፤ የመመለሻውንም ሞላ ይጨፈልቃል። አምስት ሳንቲሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ይቆምና ሞላው ወደ ፊት ይገፋዋል። ሲመለስ ከካዝናው አፍ አዲስ ጥይት ገፍቶ ወደ ጎሬው ያስገባል፤ ቧንቧውንም ወደ ላይ አንሥቶ ይቆልፈዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው አንድ አሥረኛ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ነው።

በዚህች ቅጽበት ውስጥ ስንት ቦታ ፍትጊያ እንዳለ ልብ ይሏል። ተንሸራታቹ በሽጉጡ ገላ ላይ በተቀረጹት ሁለት ሐዲዶች ላይ ይፋተጋል። ሆዱ ከመዶሻው ጋር ይፋተጋል። ካዝናው ውስጥ ያሉት ጥይቶች በራሳቸው ሞላ ወደ ላይ ስለሚገፉ የላይኛው ጥይት ከስር ሆኖ ይጫነዋል። ቧንቧው ከፊት ባለው ቀለበት ውስጥ ይሽከረከራል ባይባልም ይንሸራተታል። ጥይቱም ወደ ጎሬው የሚወጣው አቀበቱን እየተፋተገ ነው።

ነገር ግን የወደ ኋላው ጉዞና የመልሱ ጉዞ እኩል አይደሉም። ወደ ኋላ የሚነዳው ባሩድ ነው፤ ባሩድ ደግሞ ጉልበቱ የተትረፈረፈ ስለ ሆነ ፍትጊያ ጥቂት ቢወስድበትም አይሰማውም። ወደ ፊት የሚመልሰው ግን ሞላው ብቻ ነው። ሞላ እንደ ወር ደመወዝተኛ ነው፤ የተቆረጠለት ልክ አለ፤ ከዚያ በላይ ከየትም አያመጣም። ለዚህ ሽጉጥ የተለመደው ሞላ በመጨረሻው ሲጨፈለቅ የሚገፋው 16 ፓውንድ፤ ማለት 7 ኪሎ ከሩብ ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ሐዲዱ የድርሻውን ይወስዳል፤ ጥይቱን ከካዝና መግፋት ይወስዳል፤ አቀበቱ ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ ቧንቧውን ማንሣትና መቆለፍ የሚቀረውን ይጠይቃል። ጥላሸትና የደረቀ ዘይት ተጨምረው ሐዲዱ ድርሻውን ያበዛ እንደ ሆነ፤ ተንሸራታቹ ሊዘጋ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ሲቀረው ይቆማል። ያን ጊዜ ሽጉጡ ተሰብሮ አይደለም፤ አንዲት ብልት አልጎደለውም፤ ነገር ግን አይተኩስም። ነፍሱን ለማዳን ሽጉጥ ለመዘዘ ዘበኛ ወይም ወታደር ይህች ሁለት ሚሊሜትር ምን ማለት እንደ ሆነች ማስረዳት አያስፈልግም።

ታዲያ ሞላውን ለምን አናበረታውም የሚል ተማሪ ይኖራል። እኛም ጠይቀን ነበር። ሞላው ከመጠን በላይ ቢበረታ ባሩዱ ተንሸራታቹን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ መንዳት ይሳነዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቀለሁ በትክክል ሳይወጣ አፉ ላይ ይነከሳል። ስለዚህ የሞላው ደመወዝ ከዚያ በላይ የማይጨመርበት ሆኖ ሳለ፤ ያለው መንገድ ወጪውን መቀነስ ነው። የመሣሪያ ሠሪዎች ስለ ፍትጊያ ይህን ያህል የሚጨነቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ብራውኒንግ ይህን ያወቁት እንደ ሆነ ከሥራቸው ይታያል። የአሜሪካ ጦር አዲስ ሽጉጥ ለመምረጥ ባደረገው ውድድር መጨረሻ ላይ የቀሩት የኮልትና የሳቬጅ ኩባንያዎች ሽጉጦች ነበሩ። በመጨረሻው ፈተና ከእያንዳንዱ 6,000 ጥይት ተተኮሰ። መቶ መቶ ጥይት እየተተኮሰ ሽጉጡ እንዲቀዘቅዝ ይቆይ ነበር፤ ሙቀቱ ሲበረታም ውኃ ውስጥ ይነክሩት ነበር። በየ1,000 ጥይቱም ይጠረግና ዘይት ይቀባ ነበር። ከሳቬጅ ሽጉጥ 37 ጊዜ እንከን ሲቆጠር ከኮልት ሽጉጥ አንድም አልተመዘገበም። ጦሩም መጋቢት 29 ቀን 1911 ኮልትን ተቀበለ። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሰው 6,000 የሚለውን ቁጥር ነው፤ እኛን ግን የሳበን በየ1,000 ጥይቱ መጠረጉና ዘይት መቀባቱ ነው። እንከን የሌለው የተባለው መሣሪያ እንኳ ያለ ጨርቅና ያለ ዘይት አልተፈተነም።

ለጦር የተሠራው የዚህ ዓይነት ሽጉጥ በእጅ ሲወዘወዝ ጥቂት ይንኳኳል። ይህን ሰምተው አሠራሩ የተሰናከለ ነው የሚሉ አሉ። በሐዲዱና በቦዩ መካከል የቀረው ክፍተት ግን ታስቦ የተተወ ነው፤ ጭቃና አሸዋ ሲገባ ማለፊያ እንዲያገኝ። ለዒላማ ውድድር የሚተኩሱ ሰዎች ክፍተቱን አጥብቀው ያሠሩታል፤ የተኩሱ ትክክለኛነት ይጨምርላቸዋል፤ በምላሹም ሽጉጣቸው ቆሻሻ አይችልም። አንዱን ለማግኘት ከሌላው ጥቂት መስጠት ግድ ነው።

ወደ ዘይቱ እንመለስ። ደረቅና ንጹሕ ብረት በብረት ላይ ሲጎተት ፍትጊያው የጭነቱን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ተስማሚ ዘይት ሲገባበት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ከሚያሳዩት ታሪኮች እኛን እጅግ ያስደሰተን በ1883 በእንግሊዝ አገር ቢቻም ታወር የተባሉ መሐንዲስ ያጋጠማቸው ነው። ታወር የባቡር ጋሪ ኩሽኔታን ፍትጊያ ሲመረምሩ፤ ዘይት ለማስገባት ብለው በኩሽኔታው አናት ላይ ቀዳዳ በሱ። ዘንጉ መሽከርከር ሲጀምር ግን ዘይቱ በቀዳዳው መግባቱን ትቶ ወደ ላይ ይፈልቅ ጀመር። በቡሽ ቢወትፉት ቡሹን ገፍቶ ጣለው። በእንጨት ቢወትፉት እንጨቱንም ገፍቶ ጣለው። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ቢገጥሙበት፤ ዘንጉ በመሽከርከሩ ብቻ ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት እንደሚያስገባውና ዘይቱ ያን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ ብረትን ከብረት እንደሚለይ ታወቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ፤ በ1886፤ ኦስቦርን ሬይኖልድስ የነገሩን ሒሳብ ጻፉለት። የዛሬ ሞተሮችና ተርባይኖች የሚኖሩት በዚህ ሕግ ነው።

ሽጉጥ ግን ይህ ዕድል የለውም። ተንሸራታቹ አምስት ሳንቲሜትር ሄዶ ይቆማል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይቆማል። ዘይቱ ተጎትቶ ጭነት የሚሸከም ፍራሽ ለመሆን ፋታ አያገኝም። ስለዚህ ሽጉጥን የሚያገለግለው ወፍራሙ የዘይት ፍራሽ ሳይሆን፤ በብረቱ ገጽ ላይ እንደ ቆዳ ተጣብቆ የሚቀረው እጅግ ስስ ሽፋን ነው። ለዚህ ስስ ሽፋን ደግሞ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። በ1982 የኦስትሪያ ጦር የተቀበለው፤ ገላው ከፕላስቲክ የተሠራው ግሎክ የተባለው ሽጉጥ፤ የፋብሪካው መመሪያ የሚያዘው ጥቂት ጠብታ ዘይት ብቻ ነው። ሐዲዱም በፕላስቲኩ ውስጥ የተተከሉ አራት አጫጭር ብረቶች ናቸው። አሞንቶን እንዳሉት የስፋቱ ማነስ ፍትጊያውን በራሱ አይቀንሰውም፤ ነገር ግን ቆሻሻ የሚጠራቀምበትን ቦታ ይቀንሳል።

ከዚህ ከሚበቃው በላይ የፈሰሰ ዘይት ሥራ ፈት ነው፤ ሥራ ፈትም ስለ ሆነ አቧራና ጥላሸት እየሰበሰበ እንደ ሞረድ የሚበላ ጭቃ ይሆናል። ለዚህ የጦርነት ታሪክ ምስክር አለው። ብሬዳ ሞዴል 30 የተባለው የኢጣሊያ ቀላል መትረየስ፤ ኢጣሊያ በ1935 አገራችንን ስትወርር ይዛው ከመጣችው መሣሪያ አንዱ ሲሆን፤ ቀለሁ ጎሬው ውስጥ እየተጣበቀ ስላስቸገረ እያንዳንዱን ጥይት ዘይት የምትቀባ ትንሽ ፓምፕ ተሠርታለት ነበር። መሣሪያው በኋላ በሰሜን አፍሪካ በረሃ ሲዋጋ ያው ዘይት አሸዋውን እየጠራ መትረየሱን አነቀው። ፍትጊያን ለማጥፋት የገባው ዘይት ራሱ የፍትጊያ ምክንያት ሆነ።

ብርድም እንዲሁ ያደርጋል። በ1941 ክረምት የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲቀርብ፤ በአውሮፓ የአየር ጠባይ የተለመደው የመሣሪያ ዘይት እንደ ሰም ጠጠረና ጠመንጃውም መትረየሱም እንቢ አለ። ወታደሮቹ ዘይቱን ጠርገው መሣሪያውን እስከ ማድረቅ ወይም በላምባ እስከ ማቅጠን ደረሱ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የቅርቡ ነው። የአሜሪካ ጦር በኮልት ፈንታ በ1985 የመረጠውን የቤሬታ ሽጉጥ ይዞ በ2003 ኢራቅ ሲገባ፤ ሽጉጡ እየተሰናከለ ብዙ አቤቱታ መጣ። ሲመረመር ጥፋቱ ከካዝናው ተገኘ። ለጦሩ የተሠሩት ካዝናዎች ዝገት እንዲከላከልላቸውና ዘይት እንዲይዝላቸው ሸካራ የፎስፌት ሽፋን ተለብጦባቸው ነበር። ዘይት የሚይዘው ሸካራ ገጽ እንደ ዱቄት የደቀቀውን የኢራቅ አሸዋም ያዘ። አሸዋው ጥይቶቹን ከካዝናው ግድግዳ ጋር ስላጣበቃቸው፤ ከስር ያለው ሞላ ወደ ላይ መግፋት ተሳነው፤ ተንሸራታቹም የሚገፋው ጥይት ሳያገኝ ባዶውን ይመለስ ጀመር። በኋላ ለስለስ ያለ ሽፋን ያላቸው ካዝናዎች ተሠርተው ተተኩ። የተበላሸው ሽጉጡ አልነበረም፤ ለአንድ አገር የሚስማማው ሽፋን ለሌላው አገር አለመስማማቱ ነው።

ስለ ብረቶቹ ዓይነትም አንድ ነገር እንበል። የማይዝግ ብረት ሲስፋፋ በ1970ዎቹ ዓመታት ተንሸራታች ያለውን ሽጉጥ ከእርሱ መሥራት ተጀመረ። ዝገት ቀረ፤ ነገር ግን ሌላ በሽታ መጣ። ተንሸራታቹም ገላውም ከአንድ ዓይነት የማይዝግ ብረት ሲሠሩ፤ ጫፎቻቸው እየተበየዱ ሐዲዱ ይላጥና ይነካከስ ነበር። ወንድማማች ብረት ከባዕድ ብረት ይልቅ እርስ በርሱ ይጣበቃል። መድኃኒቱ የሁለቱን ቅይጥና ጥንካሬ ማለያየት ሆነ። ዛሬ ደግሞ ገጹን በናይትሮጅን ማጠንከር፤ ክሮም መለበጥ፤ ኒኬልን ከቴፍሎን ጋር ቀላቅሎ መቀባት የተለመደ ሆኗል። ዘይት አቧራ በሚጠራበት ቦታም እንደ ግራፋይትና ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ ያሉ ደረቅ ማለስለሻዎች ይሠራሉ፤ የእርሳስ ጫፍ በወረቀት ላይ የሚንሸራተተው በውስጡ ባለው ግራፋይት ምክንያት መሆኑን ተማሪዎች ያውቃሉ።

እስካሁን ፍትጊያን እንደ ጠላት ስንከስሰው ቆየን። በሽጉጥ ውስጥ ግን ፍትጊያ ዘበኛ ሆኖ የቆመበት አንድ ቦታ አለ። መዶሻው ሲቀባበል በሞላ ተገፍቶ ሊወድቅ እየታገለ፤ ይዞ የሚያስቀረው አንዲት ትንሽ የብረት ጥርስ ናት። ጥርሷ ከመዶሻው ጋር የምትጠላለፈው በኮልት ሽጉጥ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ምላጩ ሲሳብ ይህች ጥርስ እየተፋተገች ከቦታዋ ትለቃለች። ለጦር በተሠራው ሽጉጥ ምላጩን ለመሳብ ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚሆን ጉልበት ያስፈልጋል። ይህ ከባድ ነው ብለው ጥርሷን በሞረድ የሚያለሰልሱ ሰዎች አሉ። ብረቱ ጠንካራ የሆነው በላይኛው ስስ ቆዳው ብቻ ሲሆን ያ ቆዳ ሲፋቅ ከስር ያለው ለስላሳ ብረት ፈጥኖ ይበላል፤ ወይም ማዕዘኑ ይዛነፋል። ያን ጊዜ ተንሸራታቹ ሲዘጋ በሚያደርሰው ንቅናቄ ብቻ መዶሻው ሊያመልጥ ይችላል። ማንም ምላጭ ሳይስብ ጥይት ይተኮሳል፤ አረሩም ሚስትን ከልጅ አይመርጥም። በሐዲዱ ላይ ፍትጊያ መብዛቱ ተኳሹን ሲያስጠቃ፤ በዚህች ጥርስ ላይ ፍትጊያ ማነሱ አጠገቡ ያለውን ሰው ይገድላል።

ዘይት እንዳይገባባቸው የሚጠበቁ ቦታዎችም አሉ። ከመዶሻው ፊት ያለው መርፌ በሚመላለስበት ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ቢጠራቀም፤ ከጥላሸት ጋር ረግቶ የመርፌውን ምት ያደክመዋል። ዘልቆ የሚገባ ዘይት በጥይቶቹ ላይ ቢቀር ደግሞ ማቀጣጠያቸውን ሊያበላሽ ይችላል። ጥይት ሁልጊዜ ደረቅ ሆኖ መቀመጥ ይገባዋል።

ከሳምንት በኋላ ከዘመዳችን ጋር ወደ ሽማግሌው ተመለስን። ሽጉጡ ተፈታትቶ ብልቶቹ በጋዜጣ ላይ ተደርድረው ነበር። ሽማግሌው እንደ ነገሩን ሌሊቱን በላምባ ነክረው አሳድረው በጥርስ ብሩሽ ሲፍቁት የወጣው ነገር እንደ ሬንጅ ጥቁርና ሙጫማ ነበር። ጥፋተኛው በዋናው የኑግ ዘይት ነው። የኑግ ዘይት ለቀለም ከሚሆነው ከተልባ ዘይት ጋር የሚዛመድ ጠባይ አለው፤ ነፋስ ሲያገኘው ቀስ በቀስ እየደረቀ እንደ ቫርኒሽ ይሆናል። ዘመዳችን ሽጉጣቸውን ከዝገት እንጠብቃለን ሲሉ ቫርኒሽ ሲቀቡት ኖረዋል ማለት ነው።

ሽማግሌው ብልቶቹን በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፤ በግራው ሐዲድ አንድ ጠብታ፤ በቀኙ ሐዲድ አንድ ጠብታ፤ በቧንቧው ላይ አንድ ጠብታ የመሣሪያ ዘይት አኑረው ገጣጠሙት። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙረው ተንሸራታቹን ስበው ለቀቁት። ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው አንድ ድምፅ ነበር።

ዘመዳችን ደስ ብሏቸው፤ «እንግዲህ አባቴ፤ ምላጩንም ጥቂት ቢያቀሉልኝ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ምንም ሳይመልሱ ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልለው አቀበሏቸው።

«በየስንት ጊዜውስ ልቀባው?»

«በዓመት አንድ ጊዜ ይጥረጉትና ይህችኑ ሦስት ጠብታ ያድርጉለት። ኑጉን ለጾም ወጥ ይተዉት፤ ጌታዬ።»

ዋጋውን ከፍለን ስንወጣ ዘመዳችን በመንገድ ላይ ብዙ አልተናገሩም። ከቤታቸው ሲደርሱ ግን በሣጥኑ ውስጥ ከሽጉጡ ጎን ትኖር የነበረችውን የዘይት ጠርሙስ አውጥተው ለሠራተኛዋ ሰጡ።